የኮች ሮብ መንገድ፦ ከዳላስ እስከ ኒው ኦርሊንስ

ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ከጎረቤታችን ጋር አጥር እንጋራለን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ልጆቼ ጋሼ ብለው ጠሯቸው፣ እሳቸውም ወደዱት፤ አሁን ቤተሰቡ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሉዊዚያና ውስጥ ግራምብሊንግ ስቴት በሚባል የጥቁሮች ኮሌጅ ተምረዋል። እዚያ የአሜሪካኖቹን ፉትቦል፣ ያንን በእጅ የሚያዘውንና ሄልሜት የሚደፋበትን ተጫውተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፉት ግን ተጠባባቂ ሆነው ነው። አሰልጣኛቸው ኤዲ ሮቢንሰን ነበሩ። ተጫዋቾቻቸውም ደጋፊዎችም "ኮች ሮብ" ነው የሚሏቸው።

ኮች ሮብ ከ1941 እስከ 1997 በዚያው በአንድ ኮሌጅ ኖረው 408 ጨዋታ አሸንፈዋል። ከ200 በላይ ልጆች ለፕሮፌሽናል ሊግ አብቅተዋል። በኤፕሪል 2007 በ88 ዓመታቸው አረፉ። (የቀኖቹ ርዕሶች ካልሆኑ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሼ በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ሰሞን ኒው ኦርሊንስ መሄድ ልማዳቸው ነው። ግራምብሊንግና ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ባዩ ክላሲክ የሚባለውን ጨዋታ የሚያደርጉት ያን ጊዜ ነው። በ2024 ዓይናቸው ስለደከመ ረጅም መንገድ መንዳት አልቻሉም። "ልጄ፣ አንተ ንዳ፣ እኔ አወራለሁ" አሉኝ። በቀጥታ መሄድ ግን አልፈለጉም። የኮች ሮብን ሕይወት እየተከተልን እንድንሄድ መንገዱን ራሳቸው አወጡት። እኔም ደስ አለኝ። አንድ ሰው ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ እንዲህ የሚያስነዳ ምን ነገር እንዳለው ማየት ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. — ዳላስና የአይ-20 መንገድ

መጀመሪያ የቆምነው እዚሁ ዳላስ፣ ፌር ፓርክ ነው። የቴክሳስ ስቴት ፌር ካለቀ ከወር በላይ ስለሆነው ግቢው ጭር ብሏል። ኮተን ቦል ስታዲየምን በአጥሩ በኩል አየነው። ኦክቶበር 5 ቀን 1985 ግራምብሊንግ እዚህ ሜዳ ላይ ፕሬሪ ቪው የሚባለውን የቴክሳስ ኮሌጅ አሸነፈ። ለኮች ሮብ 324ኛ ድላቸው ነበር። እስከዚያ ቀን የኮሌጅ አሰልጣኞች የብዙ ድል ክብረ ወሰን የአላባማው አሰልጣኝ የቤር ብራያንት ነበር። ብራያንት 323 ድል ይዘው በ1983 መጀመሪያ ነው የሞቱት።

ጋሼ ያን ዕለት ከሕዝቡ መሃል ነበሩ። ያኔ አንዳንዱ ሰው "ሮቢንሰን ያሸነፉት ትንንሽ ኮሌጆችን ነው" ይል እንደነበር አነሳሁባቸው። ድምፃቸው ከፍ አለ። "ከትልልቆቹ ጋር እንዳንጫወት በሩን የዘጋው ማን ሆነና!" አሉ። ልክ ናቸው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የደቡብ ነጭ ኮሌጆች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም፣ ከጥቁር ኮሌጅ ጋርም አይጫወቱም ነበር። ሰውየው የተሰጣቸውን ሜዳ ይዘው ነው ሁሉንም የበለጡት።

ከዚያ አይ-20ን ይዘን ወደ ምሥራቅ። ቴረል ላይ ባኪስ የሚባለው ግዙፍ ማደያ አለ። ነዳጅ ሞላን፤ ጋሼ የበሬ ሥጋ ሳንድዊች ገዙ። የገና ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ለእኔ የተገኘው ሙዝና ለውዝ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ሆነን እየበላን ጋሼ የድሮውን አነሱ። በ1940ዎቹና 50ዎቹ ቡድኑ በአውቶቡስ ሲጓዝ በመንገዱ ያሉ ምግብ ቤቶች ጥቁር አያስገቡም ነበር። ስለዚህ ኮች ሮብ ከመነሳታቸው በፊት ለልጆቹ ሳንድዊች በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ጋሼ ኮሌጅ ሲገቡ ሕጉ ተቀይሯል። ቢሆንም ታሪኩን ከእነሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ይነግሯቸው ነበር። እኔ ያጣሁት የጾም ምግብ ነው። እነዚያ ልጆች ያጡት በሩን ነው።

ማርሻል ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ከከባድ መኪና የተቀደደ የጎማ ቁራጭ መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር፤ የምሸሽበት ቦታ አልነበረኝም። ዳር ይዘን ቆምን። ትራኮቹ ባለፉ ቁጥር መኪናችን ይንቀጠቀጣል። ክሪኩን አውጥቼ ቀጭኗን ቅያሪ ጎማ እስካስር ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ቀስ እያልን ከሀይዌዩ ወጣን።

የመጀመሪያው ሱቅ አዲስ ጎማ 210 ዶላር አለን። በዚያ ላይ እስከ ነገ ጠብቁ። ጥለነው ሄድን። ሁለተኛው የአንድ ሰው ጋራዥ ነው፤ አገር ቤት ጎሚስታ የምንለው ዓይነት። ባለቤቱ ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የጋሼን ኮፍያ አየ። ጥቁር ኮፍያ ላይ ወርቃማ "ጂ" አለበት። ሥራውን አቆመና እጁን ጠርጎ ጨበጣቸው። አጎቱ የኮች ሮብ ተጫዋች ነበር። በ60ዎቹ ነው የተጫወተው።

ስለየትኛው ጨዋታ ሊያወራ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ያወራው ስለ ከረባት ነው። ኮች ሮብ ተጫዋቾቻቸው ወደ ጨዋታ ሲሄዱ ኮትና ከረባት እንዲያደርጉ ያዝዙ ነበር። አጎቱ ይኸው እስከ ዛሬ ሐኪም ቤት ሲሄድ እንኳ ከረባቱን አስሮ ነው። "እናቴ ስትቆጣኝ 'አጎትህን እይ' ነበር የምትለኝ" አለን። ጥሩ ያገለገለ ጎማ በ60 ዶላር ገጠመልን። ለጋሼ ደግሞ ከፍሪጁ ቀዝቃዛ ውሃ አወጣላቸው። አጎቱ ጋ ደውሎም አገናኛቸው። የሁለቱ ሽማግሌዎች የኮሌጅ ዓመታት አይገናኙም፤ አንዱ ከመጨረሱ ነው ሌላው የገባው። ግን ወንድማማች ነው የሚመስሉት። ለመነሳት ቸገረን።

በጨለማ ሽሬቭፖርትን አልፈን ረስተን ገባን። ሆቴሉ 94 ዶላር። እራት ላይ በበቆሎ ዱቄት የተጠበሰ አምባዛ አገኘሁ፤ ባሚያ ከጎኑ አለ። ጾም ሲሆን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። የሉዊዚያና አምባዛ ግን ከሐዋሳው ቢፎካከር አያፍርም። 14 ዶላር ከነሻዩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18 — ግራምብሊንግ

ከረስተን ወደ ግራምብሊንግ አሥር ደቂቃ ነው። ጥድ ብቻ ነው የሚታየው። አፈሩ ቀይ ነው፤ የገጠር መንገድ ያስታውሳል። ከተማዋ ኮሌጁ ማለት ናት። ቻርልስ አዳምስ የተባሉ ሰው በ1901 የጥቁር ገበሬዎችን ልጆች ለማስተማር የመሠረቱት ትምህርት ቤት ነው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

ኮች ሮብ እዚህ ሲመጡ የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። ከዚያ በፊት ባተን ሩዥ ውስጥ የከብት መኖ ወፍጮ ቤት በሰዓት 25 ሳንቲም ይሠሩ ነበር። ግራምብሊንግ በወር 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም ቀጠራቸው። ረዳት የለም፣ በጀት የለም። ሣሩን የሚያጭዱት እሳቸው፣ የሜዳውን መስመር በኖራ የሚያሰምሩት እሳቸው፣ የተጎዳውን ቁርጭምጭሚት የሚያስሩት እሳቸው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ለጋዜጣ ዘገባውን ጽፈው የሚልኩት እሳቸው። የመጀመሪያው ዓመት ሽንፈት የበዛበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1942፣ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውተው ዘጠኙንም አሸነፉ። አንድም ነጥብ አልተቆጠረባቸውም። ከዚያ ጦርነቱ ተጫዋቾቹን ወሰደ፤ ለሁለት ዓመት ቡድን አልነበረም።

በስማቸው የተሠራው ሙዚየም ግቢው ውስጥ ነው። ድሮ የሴቶች ጂምናዚየም የነበረ ሕንፃ ነው። የተከፈተው በልደታቸው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2010 ነው። የበዓል ሳምንት ስለሆነ ጋሼ አስቀድመው ደውለው ነበር። ፎቶው፣ ሄልሜቱ፣ ማሊያው፣ ዋንጫው ግድግዳውን ሞልቶታል። ከጥቁር ኮሌጅ ወጥቶ የፕሮፌሽናሉን ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀላቀለው ታንክ ያንገር፣ 1949፣ ከዚህ ነው። በ1963 በኤ.ኤፍ.ኤል.፣ ያኔ በነበረው ሌላ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ የተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ የተጠራው ባክ ቡካነን ከዚህ ነው። ዊሊ ዴቪስ፣ ዊሊ ብራውን፣ ቻርሊ ጆይነር፣ ሁሉም ከዚች ጥድ ውስጥ ካለች መንደር ነው የወጡት።

ዳግ ዊሊያምስን ደግሞ የተለየ አድርገው ነው የሚያነሱት። ያኔ ብዙ ሰው ጥቁር ልጅ ቡድን የሚመራውን ኳርተርባክ የሚባለውን ቦታ አይችለውም ይል ነበር። ኮች ሮብ ይህንን ሐሳብ ለመስበር ዓመታት ለፍተዋል። መጀመሪያ ጄምስ ሃሪስን አበቁ፣ ቀጥሎ ዊሊያምስን። በጃንዋሪ 1988 ዊሊያምስ የዋሽንግተንን ቡድን እየመራ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦልን፣ 42 ለ 10 አሸነፈ። በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት የተሳካ የጎል ኳስ ወረወረ። የጨዋታው ኮከብም እሱ ተባለ። ጋሼ ያን ሌሊት ዳላስ ውስጥ ጎዳና ላይ ወጥተው እንደጮሁ ነገሩኝ። ዳላስ የዋሽንግተን ደመኛ ከተማ መሆኗን ስፖርቱን የሚያውቅ ያውቃል።

ከኮከቦቹ አልፈን የቡድን ፎቶዎቹ ጋ ስንደርስ ጋሼ ቀስ አሉ። የማንንም ጎልና ሩጫ አልነገሩኝም። በጣታቸው እየጠቆሙ፣ "ይሄ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። ይሄ ዳኛ። ይሄ ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠራ፣ አራት ልጅ ኮሌጅ አስገባ። ይሄ ቄስ ነው፣ አባቴን የቀበረው እሱ ነው" እያሉ ቀጠሉ። ከሚሲሲፒ የመጡ ባልና ሚስት አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ሴትየዋ እዚሁ የተማረች ነርስ ናት፤ ኳስ ነክታ አታውቅም። ኮች ሮብ ግቢ ውስጥ ሲያገኟት ስለ ትምህርቷ ሳይጠይቋት አያልፉም እንደነበር ነገረችን። ሁሉንም ተማሪ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት አለች።

እዚያ ቆሜ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን አሰብኩ። ከባርሴሎና ጀምሮ ደራርቱን፣ ኃይሌን፣ ቀነኒሳን ይዘው የአገራችንን ባንዲራ ያሰቀሉ ሰው ናቸው። በ2016 ሲያርፉ አልቅሰናል። የእሳቸውም ፎቶና ዕቃ እንዲህ በአንድ ቤት ተሰብስቦ፣ የሮጡትም ያልተሳካላቸውም ልጆቻቸው እየመጡ "ይሄ እንዲህ ሆነ" የሚባባሉበት ቦታ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። አሁንም እመኛለሁ። አሰልጣኝ ማለት ሜዳሊያ ብቻ አይደለም።

ስታዲየሙ ከሙዚየሙ ሩቅ አይደለም። በ1983 የተከፈተ ሲሆን በስማቸው ነው የሚጠራው። መሬቱ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ከላይ ሆነህ ወደ ታች ነው የምታየው። ጋሼ የተጫወቱት እዚህ አይደለም፤ በሳቸው ጊዜ ሌላ ሜዳ ነበር። የቆዩት ዶርሞች ወደነበሩበት አቅጣጫ ወሰዱኝ። የቃጭሉን ታሪክ የሰማሁት እዚያ ነው።

ኮች ሮብ በማለዳ የከብት ቃጭል ይዘው ዶርሙ ውስጥ ይገባሉ። በየኮሪደሩ እያቃጨሉ ይሄዳሉ። ለልምምድ አይደለም የሚቀሰቅሱት። ቁርስ እንዲበሉና ክፍል እንዳያረፍዱ ነው። እሁድ ሲሆን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን። ኮከቡም ተጠባባቂውም እኩል ይነሳል። ጋሼ የደሃ ልጅ ነበሩ፤ ከቤተሰባቸው ኮሌጅ የገባ ማንም አልነበረም። "ያ ቃጭል ባይኖር እኔ ዲግሪ አልነበረኝም" አሉኝ። በዚያ ዲግሪ ዳላስ ውስጥ የሒሳብ መምህር ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። ልጄን የክፍልፋይ ሒሳብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኔ አልቻልኩም ነበር።

መቃብራቸው ከከተማዋ ሳንወጣ ነው። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ትንሽ ቆዩ። እኔም በልቤ ነፍስ ይማር አልኩ። አበባ ይዘን ነበር፤ አስቀመጥን።

ከዚያ በ167 መንገድ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም ወደ ባተን ሩዥ ወረድን። ዝናብ ነበር፤ ሌላ የሚወራ የለውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19 — ጃክሰንና ባተን ሩዥ

ያረፍነው የጋሼ ታናሽ እህት ቤት ነው። ጠዋት ቱርኩ ምድጃ ሲገባ እኛ ወደ ሰሜን ጃክሰን ሄድን። ይህች የሉዊዚያናዋ ጃክሰን ናት፤ ከሚሲሲፒዋ ጋር እንዳትምታታ። ኮች ሮብ በ1919 የተወለዱት እዚህ ነው። አባታቸው የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። እናታቸው ሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በበዓሉ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። በዝግታ አንድ ዙር ነዳንና ተመለስን። ቢሆንም መሄዳችን ጠቀመኝ። ከየት እንደተነሱ ሳያዩ የደረሱበትን መለካት አይቻልም።

ቤተሰቡ ወደ ባተን ሩዥ የገባው እሳቸው ልጅ ሳሉ ነው። አንድ ቀን የማኪንሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ጁሊየስ ክራፍት ተጫዋቾቹን ማሊያ አልብሶ ትምህርት ቤታቸው መጣ። ትንሹ ኤዲ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ዓይኑ ያረፈው አሰልጣኙ ላይ ነበር። ልጆቹ እንዴት እንደሚያከብሩት አየ። ያን ዕለት አሰልጣኝ እሆናለሁ አለ። ያቺን ዕለት ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራት ኖሯል። በኋላ እሱም ማኪንሊ ገባ። የወደፊት ባለቤቱን ዶሪስንም ያወቃት በወጣትነቱ ነው። በ1941 ተጋቡ፤ እስኪሞት ድረስ አልተለያዩም። ደጋፊዎቹ "አንድ ሥራ፣ አንዲት ሚስት" እያሉ የሚያወሩት ይህንን ነው።

ስንመለስ ወደ ካፒቶሉ ታጠፍን። 34 ፎቅ ነው፤ በአሜሪካ ካሉ የግዛት ምክር ቤቶች ረጅሙ። በበዓሉ ዝግ ስለነበር ከውጭ ነው ያየነው። በኤፕሪል 2007 የኮች ሮብ አስከሬን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሕዝብ ተሰናብቷቸዋል። ጋሼ ያኔ ከዳላስ ነድተው መጥተው ተሰልፈው ነበር። የደሃ ገበሬ ልጅ፣ ጥቁር ሰው፣ ድሮ በኋላ በር እንኳ በማይገባበት ቤት። ደረጃው ሥር ቆመው የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው።

ምሳ ላይ ሌላ ነገር ተከፈተ። ባተን ሩዥ የሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የእህትየው ባል፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ሁሉም ሳውዘርን ናቸው። ሰማያዊና ወርቅ ለብሰው ጠበቁን። ጋሼ ብቻቸውን በጥቁርና ወርቅ። ቀኑን ሙሉ ተሞላፈጡ። ኮች ሮብ ሲነሱ ግን ወሬው ረጋ አለ። የእህትየው ባል በጡረታ ያሉ የወደብ ሠራተኛ ናቸው። "ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሸነፉ ጸልዬባቸዋለሁ። የሞቱ ቀን ግን ልጆቼን ይዤ ካፒቶል ሄድኩ" አሉ።

ስለ ምግቡ ሳልናገር አላልፍም። ጋሼ እንደምጾም አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። እዚህ አገር ጎመን የሚሠራው በአሳማ ወይም በጭስ በደረቀ ቱርክ ነው። እህትየው ግን ለእኔ ለብቻው በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሠሩልኝ። አንድ ጊዜ ስጎርስ ዝም አልኩ። እናቴ የምትሠራው ጎመን ነው። ስኳር ድንችም ያለ ቅቤ ጋገሩልኝ። "ለእግዚአብሔር ብሎ የሚጾም ሰው ቤቴ መጥቶ አይራብም" አሉኝ። በአማርኛ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው፤ ትርጉሙን ጋሼ ያውቁታል።

አርብ፣ ኅዳር 20 — ኒው ኦርሊንስ

ከባተን ሩዥ 80 ማይል ብቻ ነው። መንገዱ ረግረግ ላይ በተሠሩ ረጃጅም ድልድዮች ያልፋል፤ ግራ ቀኝ ውሃና ዛፍ ነው። ችግሩ ከደረስን በኋላ ነው። የያዝነው ሆቴል ክፍላችንን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ጠበቀን። ሁለት ሰዓት ሎቢ ተቀምጠን በመጨረሻ ራቅ ያለ ሌላ ሆቴል 310 ዶላር ከፈልን። መኪና ማቆሚያ 60 ዶላር። የዚያ ሳምንት ኒው ኦርሊንስ እንዲህ ናት። መሄድ የሚፈልግ ሰው ክፍሉን በበጋ ይያዝ፣ ከመነሳቱ በፊትም ደውሎ ያረጋግጥ።

ማታ የሁለቱ ኮሌጆች ባንዶች ይፋጠጣሉ። ይህንን ካላዩት በወሬ አይገባም። ከበሮው ደረት ውስጥ ነው የሚመታው። የግራምብሊንግ ባንድ በ1967 በመጀመሪያው ሱፐር ቦል የእረፍት ሰዓት የተጫወተ ባንድ ነው። የሳውዘርን ልጆችም ከማንም አያንሱም። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተነስተው ይጨፍራሉ።

ጋሼ የመጀመሪያውን ባዩ ክላሲክ እዚህ ከተማ ላይ ሆነው አይተዋል፤ 1974፣ ቱሌን ስታዲየም። ከ76 ሺህ በላይ ሰው ነበር። እሳቸው ማሊያ ለብሰው ዳር ቆመዋል፣ ሜዳ አልገቡም። ሁለት የጥቁር ኮሌጆች ያን ያህል ሕዝብ ሲጠሩ ማየት ብቻውን ይበቃቸው ነበር። ኮች ሮብና የኮሌጁ የስፖርት ማስታወቂያ ኃላፊ ኮሊ ኒኮልሰን ግራምብሊንግን በየቦታው ይዘው ይዞሩ ነበር። በ1968 ኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም፣ በ1976 ቶኪዮ ድረስ። የአንዲት ትንሽ መንደር ኮሌጅ እንዲህ ነው ስሟን ያወጣችው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21 — ሱፐርዶም

ጠዋት እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። "ዛሬ ኅዳር ጽዮን ናት፣ እንኳን አደረሰህ" አለችኝ። የት እንዳለሁ ስነግራት፣ "ለመምህራቸው ዝክር ነው?" አለች። አዎ አልኳት። ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ከጨዋታው በፊት ሱፐርዶም በሚባለው ስታዲየም ዙሪያ ያለው ፓርኪንግ ሁሉ ድግስ ነው። ጭስ፣ ሙዚቃ፣ ድንኳን። የጋሼ የድሮ ጓደኞች በአንድ ድንኳን ሥር ተሰብስበዋል። አንዱ ከአትላንታ፣ አንዱ ከሎስ አንጀለስ፣ ሌሎቹ ከዚሁ ከሉዊዚያና። አንደኛው በዊልቸር ነው። ግማሾቹ ከረባት አስረዋል፤ ያን ጎሚስታ አስታወስኩት። ለእኔ አምባዛ ተጠበሰልኝ፤ ቀይ ቦሎቄው ቋሊማ ስላለበት ተውኩት። ከሽሬቭፖርት የመጣ አንድ ወጣት ቤተሰብ ደግሞ ሕፃን ልጃቸውን አምጥተው ከሽማግሌዎቹ ጋር ፎቶ አስነሱት። ልጁ ኮች ሮብ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የተወለደ ነው። የልጁ መጠሪያ ኤዲ ነው።

ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታትም ተወራ። አልሸሹትም። ኮች ሮብ በ1996ና በ1997 ከሚያሸንፉት የሚሸነፉት ይበዛ ነበር። በቃ ይውረዱ የሚል ግፊት ነበረ። ብዙ ሰው ተቆጥቶ ስለተናገረ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። የመጨረሻ ጨዋታቸው እዚሁ ሱፐርዶም ውስጥ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1997፣ በሳውዘርን 30 ለ 7 ተሸንፈው ነው ያለቀው። ቦታቸውን የያዘው ልጃቸው የሚሉት ዳግ ዊሊያምስ ነው። በኋላ አልዛይመር ያዛቸው። ያን ሁሉ ልጅ በስሙ የሚጠሩት ሰው ስም ረሱ። ይህ ሲነሳ የአትላንታው ሰውዬ፣ "እሳቸው ረሱን እንጂ እኛ አልረሳናቸውም" አለና ሌላ ጨዋታ አመጣ። እኔም ተከፋሁ። ዕድሜውን በአንድ ቦታ ላፈሰሰ ሰው ያቺ የመጨረሻዋ አንድ ዓመት በልመና መገኘት አልነበረባትም። ዛሬም እንደዚያ ነው የማስበው።

ጨዋታውን ሳውዘርን አሸነፈ። የጋሼ እህት ባል ወዲያው ደወሉ፤ ጋሼ ስልኩን አላነሱም።

እንሄዳለን ስንል ወደ ድንኳኑ ተመለስን። የተሸነፈ ሰው ፊት አልጠበቀንም። ስለ ቃጭሉ ክርክር ተነስቷል። የሎስ አንጀለሱ ሰውዬ ኮች ሮብ ከላይኛው ፎቅ ነበር የሚጀምሩት ይላል። ጋሼ፣ "አንተ ላይኛው ፎቅ ስለነበርክ ነው፣ ከታች ነው የሚጀምሩት" ይላሉ። ሌላው 11 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው 12 ሰዓት። በዊልቸር ያለው ሰውዬ ድምፁን አስመስሎ ሲያቃጭል ሁሉም ሳቁ። የአንደኛው ሚስት፣ "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነው የምትከራከሩት" አለቻቸው። እኔ መኪናውን አመጣሁ። ከፓርኪንጉ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ጋሼ ያን ጊዜ ሁሉ መስኮቱን ከፍተው፣ ከአጠገባችን ተሰልፎ ከቆመው ከአትላንታው ሰውዬ መኪና ጋር ስለ ፎቁ ይከራከሩ ነበር።